ከማስቲሽ ጋር የተጣላው ጫማ ሰፊ

ሚዛን ከተማ ላይ ጫማ ሰፊ የሆነ ሰው ሥራ አጣሁ ብሎ አያማርርም። ሰማዩ ይሠራለታል። ሌላው አገር ክረምት የሚለው ነገር እዚህ ደስ ሲለው በጥር ይመጣል፣ ደስ ሲለው በሚያዝያ፤ መንገዱ ይቦካል፣ ጭቃው ሶል ነቅሎ ያስቀራል፣ ባለቤቱም በአንድ እግሩ እያነከሰ ወደ ከድር ኪዮስክ ይመጣል። ከድርም ቀና ብሎ ፊቱን ሳይሆን ጎንበስ ብሎ እግሩን ያያል። የከተማውን ሰው ግማሹን በእግሩ ያውቀዋል፤ ፊቱን ግን መንገድ ላይ ቢያገኘው ዝም ብሎ ያልፈዋል። «ይሄ ሰውዬ ኮራ» ያሉ አሉ። አልኮራም፤ ዓይኑ ወደ ታች ማየት ለምዶበት ነው።

ትውልዱ ከስልጤ ነው። አጎቱ ሱቅ ሊያስጠብቀው ወደ ሚዛን ሲያመጣው ገና ጢም አላበቀለም ነበር። ሱቁ ግን አልሆነለትም። ስኳር ሲመዝን ያበዛል፤ ሳሙና ሊገዛ የመጣውን ሰው «ጫማህ ተረከዙ ጋ ሊሄድ ነው፣ ቶሎ አሰፋው» እያለ ያደርቀዋል። አጎቱ አንድ ቀን ምርር ብሎት «ልጄ፣ ያንተ ልብ ያለው ከጉልበት በታች ነው» አለውና ወስፌና ክር ገዝቶ ገበያው ዳር አስቀመጠው። ከድር እስከ ዛሬ አጎቱን ሲያነሳ የሚመርቀው ስለዚያ ወስፌ ነው።

ሚስቱን ሀጂራንም ያገኛት እዚያው ገበያ ነው። ሀጂራ ቆጮና ቃጫ ትነግዳለች። እንሰት ሲፋቅ ለምግብ የሚሆነው ቆጮ ይሆናል፤ የሚቀረው ጭረት ታጥቦ ሲደርቅ ቃጫ ነው፤ ገመድ የሚገመደው፣ ጆንያ የሚሰፋው በእሱ ነው። ምላሷ ስለታም ነው፣ እጇም እንደ ምላሷ ፈጣን። ስለ ትዳራቸው ሲጠይቋት «እሱ ዝም ይላል፣ እኔ የሁለታችንንም እናገራለሁ፤ ተስማምተናል» ትላለች።

ሁሉም ደህና ነበር፤ ማስቲሽ ባይኖር። ማስቲሽ ያ ቢጫ የጫማ ሙጫ ነው፤ ቆርቆሮው ሲከፈት ራስ የሚያዞረው። ሌላ አገር ያለ ጫማ ሰፊ ደጅ ተቀምጦ ይለጥፋል፤ ነፋሱ ሽታውን ይወስድለታል። ሚዛን ላይ ግን ዝናቡ መቼ ደጅ ያስቀምጣል? ከድር ኪዮስኩን ዘግቶ፣ ላስቲክ ጋርዶ፣ ያን ሽታ ለብቻው ሲምገው ኖረ። መጀመሪያ ራስ ምታት ነበር። ከዚያ ሳል መጣ። ከዚያ ሳሉ እንግድነቱን ትቶ ቤተሰብ ሆነ። ሀጂራ እየጎተተች ጎረቤት ከተማ አማን፣ ሐኪም ቤት ወስዳ አስመረመረችው፤ ነርሷ ደረቱን አዳምጣ፣ ሥራውን ጠይቃ፣ «ጋሼ፣ መድኃኒቱን እሰጥሃለሁ። ሙጫውን እየማግክ ከሆነ ግን በተቀደደ ጆንያ ቡና መስፈር ነው» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከድር ፈራ። ሲተኛ ከደረቱ የሚወጣው ፉጨት የራሱ አይመስለውም ነበር። ማስቲሹን ካልተወ ይሞታል፤ ከተወው ደግሞ በዚህ ዝናብ ያልተለጠፈ ሶል ማን ይቀበለዋል? ሌላ ሥራ አያውቅም። ሱቅ እንደማይሆንለት ዓለም ያውቃል። ይህን እያሰላሰለ ቁርሱን መብላት ተወ፤ ሀጂራም ሳህኑን እንደሞላ ታነሳ ጀመር።

ባስልኤል የመጣው በዚህ መሀል ነው። ባስልኤል በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምር ወጣት ነው። ጠዋት ጠዋት ስለሚሮጥ ጫማው ቶሎ ያልቃል፤ ወሬ ስለሚወድ ደግሞ ጫማው ከተሰፋለትም በኋላ ከኪዮስኩ አይነሳም። ከድር የማስቲሹን ጭንቅ ሲነግረው ዓይኑ በራ።

«ጋሽ ከድር፣ ውጭ አገር እኮ የስፖርት ጫማ ከአልጌ መሥራት ጀምረዋል!»

«አልጌ ደግሞ ማነው?»

«ቡና ማጠቢያው ኩሬ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር። ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ እንደ ስፖንጅ ይነፋል። ሶሉ ከእሱ ነው። ማሊያውን ከእንጨት፣ ከጉሎ ዘይት፣ ከሸንኮራ የሚሠሩም አሉ። ከነዳጅ የሚወጣውን ፕላስቲክና ሙጫ መተው ነው ነገሩ።»

«ያን ልጋግ?» አለ ከድር። «ሰው ገንዘቡን ከፍሎ እግሩ ላይ ያደርገዋል?»

«ያውም ውድ ነው!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብሎ ከድር ሳቀ። ይሳቅ እንጂ በማግስቱ ባልዲ አንጠልጥሎ ኩሬው ዳር ታየ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? አረንጓዴውን ቀድቶ የኪዮስኩ ቆርቆሮ ላይ አሰጣው። ፀሐይ ወጣች፤ ነገሩ መድረቅ ጀመረ፤ ከድርም ልቡ ሞቀ። ከሰዓት ዝናቡ መጣ። ያ ደርቆ የነበረው ሁሉ ሾርባ ሆኖ በጎረቤቱ በልብስ ሰፊዋ በር ላይ ወረደ። ሽታው የፍየል ተራውን አስናቀ። ልብስ ሰፊዋ ጮኸች፣ ዝንቡ ተጠራርቶ መጣ፣ ሀጂራም ደርሳ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ማስቲሹ የሚገድለው አንተን ብቻ ነበር» አለች፤ «ይሄ መንደሩን ይጨርሳል።» መጥረጊያውንም አቀበለችው።

ባስልኤል ሲመጣም አልራራችለትም። «መምህር፣ ያንተ አልጌ ከነፋብሪካው ሲመጣ ይምጣ። እስከዚያ የሚሰፋ ነገር ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ!» ብላ የቃጫ ነዶ ወረወረችላቸው። ለማሾፍ ነበር። ባስልኤል ግን ነዶውን አነሳና አንዲት ዘለላ መዘዘ፤ ጎተታት፣ አረጠባት፣ እንደገና ጎተታት።

«ሲርስ አይላላም እንዴ?»

«ቃጫ ሲርስ ይላላል ብሎ ማን ነገረህ? ይብስበታል እንጂ» አለች ሀጂራ፤ ቁጣዋ ገና አልበረደም።

«እሺ ሙጫውስ? ሶሉስ?» አለ ከድር።

ባስልኤል አገጩን እያሸ አሰበ። «በጉራፈርዳ በኩል የጎማ ዛፍ አለ፤ ግንዱ ሲጫር ነጭ ወተት የሚያፈስ። ያ ወተት ራሱ ሙጫ ነው። ሲረጋና ሲደርቅ ደግሞ ሶል ይሆናል።»

ሦስቱም ተያዩ። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ፤ ከአልጌው ቅንጣት ሳይገባበት፣ አልጌው ባይኖር ግን ጨርሶ ሳይጀመር በሚቀር መንገድ።

ከድር የማስቲሹን ቆርቆሮ ከድኖ አግዳሚው ስር ገፋው። አልጣለውም፤ ገፋው ብቻ። በዚያ መስመር የሚመላለስ ሾፌር የጎማውን ወተት በጄሪካን ያመጣለት ጀመር። ባስልኤል ወተቱ የሚረጋው ኮምጣጣ ነገር ሲገባበት ነው ስላለው፣ ቆጮ ሲጨመቅ ከሚወጣው ውሃ ቀድቶ ሞከረው፤ ረጋለት። ደስ ብሎት ሀጂራን ሊያቅፍ ሲል «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው። የረጋውን በጠርሙስ እየዳመጠ፣ ስስ ስስ አድርጎ እያደረቀ፣ ደራርቦ ሶል አደረገው። ላዩን ጥጥና የቃጫ ክር አብሮ ከተሸመነ ጨርቅ ቆረጠው። ውስጡን በተነደፈ ቃጫ አለሰለሰው። ሶሉን ከላዩ ጋር በወተቱ ለጥፎ ዙሪያውን በቃጫ ሰፋው።

የመጀመሪያው ጫማ የዳክዬ እግር መሰለ። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ ባስልኤል ተጫምቶት ሲሮጥ ግን አንዱን ሶል ጭቃ ውስጥ ጥሎ፣ ካልሲው እንደ ጭቃ ሹሩባ ተንጠልጥሎ መጣ። ከድር አላዘነም። ሥራውን ሲያበላሹበት እንጂ ሥራው ሲበላሽ አያዝንም፤ ፈትቶ ያየዋል። ስፌቱ ሰፊ እንደነበር፣ ወተቱም ሳይደርቅ እንደቸኮለ ገባው።

ሎሚ የምትባለው ልጅ ያኔ ነው የመጣችው። ሎሚ የሸኮ ልጅ ናት፤ ለወረዳዋ ትሮጣለች። ከከድር ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ ጫማዋ ከመለጠፍ ብዛት ከመጀመሪያው አካሉ የቀረው ማሰሪያው ብቻ ነበር። የዞኑ ምርጫ ውድድር ደርሷል። ከፊት የሚገቡት አራቱ ተመርጠው ማሰልጠኛ ይገባሉ። ዘንድሮ ካልተመረጠች ከወጣቶቹ ምድብ በዕድሜ ትወጣለች።

«ጋሽ ከድር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ለጥፍልኝ» አለችው።

«ማስቲሽ አልቆብኛል» አለ ከድር። ለሰው ሁሉ የሚለው ይህንን ነበር። ጫማዋን ገልብጦ አየና፣ የሚያስተዛዝን ጫማ ነበርና፣ አፉ ከልቡ ቀደመ። «ይሄን ተይው። እኔ አዲስ እሠራልሻለሁ።»

ሠራላትም። እግሯን ለካ፣ ስፌቱን አጠበበ፣ ወተቱን በትዕግሥት ደጋግሞ ቀባ። ሲጨርስ ጫማው ቅቤ የመሰለ ነጭ ሆኖ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሎሚ አጥልቃው ገበያውን ዞረችና እየሳቀች ተመለሰች። «እግሬ አያውቀውም፤ ግን ወዶታል» አለች። ከድር የሰጣት ምክር አጭር ነበር። «ወተቱ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ትንሽ ትንሽ እየሮጥሽ አለማምጂው፤ ከዚያ እስከ ውድድሩ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። እርጥበት እንዳይነካው፣ አደራ።»

«እሺ ጋሼ» አለችና ሄደች። አሮጌውን ጫማ ለታናሽ እህቷ ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ ነው ከድር እንቅልፍ ያጣው። ባስልኤል ሶሉን ሲጥል ሳቅ ነበር፤ ይህቺ ልጅ ከጣለች ግን የዓመታት ልፋቷ አብሮ ይወድቃል፤ ሌላ ጫማም የላት። ለሀጂራ በግልጽ ነገራት። «ይሄኛው ከተላቀቀ ቆርቆሮውን እከፍተዋለሁ። ከእንግዲህ ሰው አላታልልም። የሚገድለኝ ከሆነም ይግደለኝ።»

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ከድርና ሀጂራ አማን፣ ውድድሩ የሚነሳበት ቦታ ደረሱ። ባስልኤልም ቀድሟቸው ነበር። ሎሚ ከሸኮ ከመጣው መኪና ወርዳ በሩጫ ወደ እነሱ መጣች። ከመድረሷ በፊት ሽታው ደረሰ፤ የእንጨት ጭስ። ከድር እግሯን አየ። ቅቤ የመሰለው ጫማ ሶሉም ላዩም ቡናማ ሆኗል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«ቆጥ ላይ ነበር» አለች ሎሚ።

«የት?»

«ቆጥ ላይ። ከምድጃው በላይ። እናቴ ናት የሰቀለችው። አንተ ደረቅ ቦታ አልክ፤ እኛ ቤት ደረቅ ቦታ አንድ ነው። ሌላ ቦታ ያስቀመጥነውን ሁሉ ሻጋታ ይበላዋል።»

«ጎማ እሳት ላይ ይሰቀላል?!» ከድር ጮኸ፤ ሰው ዞሮ አየው። «ይቀልጣል እኮ! ሙጫው ይለቃል! እናትሽ ገደለችኝ! አንቺንም ገደለችሽ!»

ሎሚ አንገቷን ደፋች። «የዘሩን በቆሎ ግማሹን አውርዳ ነው ቦታ የሰጠችው» አለች ቀስ ብላ።

እዚያ አገር የዘር በቆሎ ከቆጥ የሚወርደው ለመዝራት ነው እንጂ ለጫማ እንዳልሆነ ከድርም ያውቃል። ለሎሚ ሌላ ጫማ የለም፤ ሌላ ጊዜም የለም። ተንበርክኮ ሶሉን በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ጎተተ። የሚለጠፍም የሚሰነጠቅም አልሆነበትም፤ ያልለመደው ነገር ሆነበት። ፈራ፣ ግን ምንም ማድረግ አልቻለም። ፊሽካ ተነፋና ሎሚ ሄደች።

ባስልኤል ሊያጽናናው ሞከረ። «ጋሽ ከድር፣ ጎማ የሚያመርቱትም እኮ በጭስ ያደርቁታል። አንብቤአለሁ።»

«አልጌውንም አንብበህ ነበር» አለ ከድር።

ሯጮቹ ተነስተው ብዙም ሳይቆዩ ዝናቡ መጣ። የሚዛን ዝናብ ሲመጣ አይለማመጥም፤ ይገለበጣል። ሦስቱም በባጃጅ ወደ መድረሻው ሄዱ። ሀጂራ ጃንጥላ ብትዘረጋም ከድር ከስሯ እየወጣ መንገዱን ያያል። ደረቱ ያፏጫል። ጥፋቱ የእናቲቱ አለመሆኑ እየቆየ ገባው። ደረቅ ቦታ አስቀምጪ ያለው እሱ ነው። በከሰል የሚበስልበት ቤት እየኖረ፣ ደረቅ ቦታ ማለት አልጋ ስር መስሎት! የሰው ቤት ምድጃ እንዳለው ረስቶ!

ሯጮቹ በሚመጡበት በድልድዩ በኩል የመጣ ባጃጅ ከሕዝቡ አጠገብ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እዚያ ቁልቁለቱ ላይ አንዷ ልጅ ሶሏ ወልቆ ቁጭ ብላለች፣ ታለቅሳለች» አለ።

ከድር ወደ ባጃጁ ተጠጋ። «ማሊያዋ ምን ዓይነት ነው?»

«ሁሉም ጭቃ ለብሰዋል፤ ምን አውቃለሁ!»

«ጫማዋስ? ቡናማ ነው?»

«ወንድሜ፣ በዚህ ዝናብ ቡናማ ያልሆነ ጫማ አለ?» አለና ሄደ።

ከድር መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ ይወርድበታል፣ አልተነሳም። ሀጂራ ልትቆጣው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ ጃንጥላውን ከራሷ ወደ እሱ አዞረችና አጠገቡ ቆመች። ሀጂራ ዝም ስትል ነገሩ መክፋቱን ያውቃል። አግዳሚው ስር ያለው ቆርቆሮ ታየው። ነገ ክዳኑን በወስፌ ሲፈለቅቀው፣ ያ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ፣ አሁን እንደሆነ ያህል ተሰማው። ከዚያ ይልቅ የጎዳው ግን ሎሚ ናት፤ ቁልቁለቱ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ታየችው። ልጅቷ አምናው ነበር። በሽተኛ ሰው ራሱን ለማዳን ሲል የሰው ልጅ ዕድል ላይ ሞከረ ብሎ ራሱን ረገመ።

«መጡ!» አለ ሕዝቡ።

ከድር ሳይወድ ቀና አለ፤ እንደ ልማዱም ፊት ሳይሆን እግር አየ። ሰማያዊ ጫማ አለፈ። ጭቃ የመሰለ፣ ግን ጎኑ ላይ መስመር ያለው ጫማ አለፈ። ቀይ ጫማ አለፈ። ከዚያ ሌላ ጥንድ እግር መጣ፤ ቡናማ፣ መስመር የሌለው፣ ዙሪያው በወፍራም ክር የተሰፋ። ቀኙ ወረደ፣ ሶሉ አለ። ግራው ወረደ፣ ሶሉ አለ።

«ሁለቱም አለ!» ብሎ ከድር ከተቀመጠበት ዘለለ። «ሁለቱም አለ! ሁለቱም አለ!»

ሕዝቡ ሰውየው ምን ነካው ብሎ ዞረ። ከድር የመድረሻውን ገመድ አልፎ ሎሚ እግር ስር ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ሎሚ ትንፋሿን ስትሰበስብ እሱ ጫማውን በሁለት እጁ ይዞ ያገላብጣል። ሶሉን ገፋ፤ አልተነቃነቀም። ስፌቱን ጎተተ፤ አልላላም። ጭሱ የቀቀለው ወተት ጠንክሮ ከቃጫው ጋር አንድ ሆኗል።

«አንተ ሰውዬ!» ሀጂራ ከኋላው ጮኸች፣ ምላሷ ተመልሶላት ነበር። «አራተኛ ወጣች እኮ! ልጅቷ አልፋለች! ጫማውን ልቀቅና ልጅቷን እንኳን ደስ ያለሽ በላት!»

ከድር ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ የሎሚን ፊት ያየው። ትስቃለች፤ ታለቅሳለችም። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ነፍሱ መለስ አለች። ስንት ቀን እንደ ድንጋይ ተጭኖት የኖረው ነገር ወረደለት፤ ባስልኤል ብብቱን ይዞ ከጭቃው አነሳው። እሱም እየሳቀ፣ እያሳለ፣ እንደገና እየሳቀ «በጭስ ያደርቁታል አልከኝ አይደል? ወላሂ፣ ከእንግዲህ ያነበብከውን ሁሉ አምናለሁ» አለው። «ከአልጌው በስተቀር» አለች ሀጂራ።

ሎሚ ስልክ ተውሳ እናቷ ጋ ደወለች። በሸኮኛ ጥቂት ካወራች በኋላ ስልኩን ለከድር ዘረጋችለት። «እናቴ ወለላ ናት። አንተን አቅርቢልኝ አለች።» ከድር ስልኩን ሲቀበል ጠዋት የጮኸው ሁሉ ጆሮው ላይ መጣበት።

«እትዬ ወለላ፣ እኔ እኮ...»

«ጫማ ደህና ነው?» አለች ሴትዮዋ ሳታስጨርሰው። «ልጄ ገባሁ አለችኝ፤ ጫማህን ግን አንተ ንገረኝ። ሳልጠይቅህ ሰቀልኩት። ከሄደች በኋላ፣ ይሄ የሰው ሥራ ነው፣ ባበላሽበትስ ብዬ ሆዴ ሲፈራ ዋለ።»

እሱ እሷን ሲረግም፣ እሷ ለእሱ ሥራ ስትጨነቅ ነው የዋለችው። «ደህና ነው እትዬ። ያዳነው ያንቺ ቆጥ ነው። ጠዋት ስለ አንቺ ክፉ ተናግሬአለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

«እፎይ!» አለች ወለላ። ይቅርታውን ሰምታም አልሰማችም፤ እፎይታዋ በልጦባት ነበር።

ከድር ስልኩን መልሶ ዞር ሲል፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ የተቀመጠች ልጅ አየ። ሶሏ የወለቀው እሷ ናት። ሎሚ አለመሆኗን ሲያውቅ ደስ ብሎት ነበር፤ አሁን ሲያያት ደስታው አሳፈረው። ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስምሽ ማነው?»

«ረድኤት።»

«እስቲ አምጪው ረድኤት።» ተቀብሎ ገለበጠው። ሶሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተላቅቋል፤ ጠርዙ ላይ ቢጫ ማስቲሽ ደርቋል። የተረከዙን ስፌት ሲያይ እጁን አወቀው። የራሱ ሥራ ነው።

«አንተ ነህ እኮ ጋሼ የለጠፍከው» አለች ረድኤት፤ ወቀሳ አልነበረበትም። «ዓምና። ቆይቷል፤ ዝናቡም በዛ፤ ምን ታደርገው? ቴፒ ላይ ሌላ ማጣሪያ አለ ብለውኛል። ለእሱ ማስቲሽ አድርግልኝ።»

ከድር አልቆብኛል ሊል አፉን ከፈተ። አልቆብኛል ሲል የኖረው ለዚሁ ነበር፤ ቢሸነፍ ወደ ቆርቆሮው የሚመለስበትን በር ላለመዝጋት።

«ማስቲሽ ትቻለሁ» አለ።

እንዲህ ብሎ ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ሳሉ መጣ፤ አሳለና እስኪያልፍ ጠበቀው። ዛሬ አልፈራውም።

«ታዲያ በምን ልሮጥ?» አለች ረድኤት።

«ጭስ ጭስ የሚሸት ጫማ ትችያለሽ?»

ልጅቷ የሎሚን እግር አሻግራ አየች። «እችላለሁ» አለች።

ከድር ከሱቁ በር የካርቶን ቁራጭ ለምኖ አመጣና በረንዳው ላይ አነጠፈው፤ እርሳስም ከኪሱ አወጣ። ረድኤት የረጠበ እግሯን በሻርፗ ጠርጋ ካርቶኑ ላይ አቆመችው።